የዓይን ሕሙማን ኑሮ እንዴት ይለካል?

(በማኅበሩ ዓመታዊ ጉባኤ ላይ የተደረገ ንግግር)




በዚህ ጉባኤ ፊት የምናገረው ስለ ዓይን ሕሙማን የኑሮ ሁኔታና ስለ መለኪያው ነው። ርእሰ ጉዳዩ ለጊዜው ሲሰማ ከዕለት ሥራችን የራቀ፣ ለተመራማሪዎችና ለመጽሔት ብቻ የሚስማማ ሊመስል ይችላል። ነገር ግን ለቀዶ ሕክምና ማን ይቅደም? የተሠራለት ሰው ዳነ የሚባለውስ መቼ ነው? ከአገር ሀብት ለዓይን ሕክምና ምን ያህል ይመደብ? የሚሉት ጥያቄዎች ሁሉ መልሳቸው የሚያርፈው እኛ መዝግበን በምናቀርበው ልክ ላይ ነው። ያልተለካ ችግር በዕቅድ ውስጥ አይገባም፤ በዕቅድ ውስጥ ያልገባም በጀት አያገኝም። ስለሆነም የምንለካው ምን እንደ ሆነና ምን እንደሚያመልጠን መመርመር ከሙያ ግዴታችን አንዱ ነው ብዬ አምናለሁ።

በዚህ ንግግር የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን በቅድሚያ አስታውሳለሁ።

የለመድነው መለኪያ

ኔዘርላንዳዊው የዓይን ሐኪም ኸርማን ስኔለን የፊደል ሰሌዳውን በ1862 ካሳተመ ወዲህ የዓለም የዓይን ሐኪሞች በአንድ መለኪያ ሲሠሩ ኖረዋል። ሕመምተኛውን በ6 ሜትር ርቀት ላይ አስቀምጠን፣ አንዱን ዓይን አስሸፍነን፣ ፊደል ለማያውቀውም እግሩ ወደ አራት አቅጣጫ የሚዞረውን ምልክት አሳይተን፣ ያየውን በእጁ እንዲያመለክት እናደርጋለን። ውጤቱም 6/6፣ 6/18፣ 6/60 እየተባለ በካርዱ ላይ ይሰፍራል። በዚሁ መለኪያ መሠረት በተሻለው ዓይኑ ከ3/60 በታች የሚያይ ሰው ዓይነ ስውር፣ ከ6/18 በታች እስከ 3/60 ድረስ የሚያየውም የማየት ኃይሉ የደከመ ተብሎ ሲመደብ ቆይቷል።

ይህ መለኪያ ታላቅ ጥቅም የሰጠና የሚሰጥ ነው። ዋጋው ርካሽ ነው፤ ጊዜ አይፈጅም፤ በጎንደር የተመዘገበውን በጅማ ከተመዘገበው ጋር ለማነጻጸር ያስችላል። በ2005 እና በ2006 የተካሄደው ብሔራዊ የዓይነ ስውርነት፣ የማየት ኃይል መድከምና የትራኮማ ጥናት የቆመው በዚሁ ላይ ነበር። ጥናቱ ከአገራችን ሕዝብ 1.6 ከመቶው ዓይነ ስውር፣ 3.7 ከመቶው ደግሞ የማየት ኃይሉ የደከመ መሆኑን አሳይቷል። ከዓይነ ስውርነቱ ግማሽ ያህሉ በዓይን ሞራ፣ 11.5 ከመቶው ደግሞ ትራኮማ ባስከተለው የዓይን ብሌን ጠባሳ የመጣ መሆኑ ታውቋል። ከዚያ ወዲህ የተነደፉት ብዙ ዕቅዶች መነሻቸው እነዚህ ቁጥሮች ናቸው።

ይሁንና ሰሌዳው የሚነግረን አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ይኸውም በቂ ብርሃን ባለበት ክፍል ውስጥ፣ ጸጥ ብሎ የተቀመጠ ሰው፣ ከፊት ለፊቱ ያለውን ጥቁር ምልክት ከነጭ ወረቀት ለይቶ ማየቱን ነው። ሰው ግን ኑሮውን የሚኖረው በሰሌዳ ፊት ተቀምጦ አይደለም።

ሰሌዳው የማያያቸው ሕሙማን

ነገሩን ግልጽ ለማድረግ በየክሊኒካችን ከምናገኛቸው ሕሙማን ሦስት ዓይነቶችን ላንሣ።

የመጀመሪያው ትሪኪያሲስ፣ ማለትም ከትራኮማ በኋላ የዓይን ሽፋሽፍት ወደ ውስጥ ተቀልብሶ ብሌኑን የሚቧጭርበት ሕመም ያደረባት ባለ ትዳር ናት። በተርገበገበች ቁጥር ፀጉሩ ብሌኗን ይወጋል። ከምድጃ ጢስ አጠገብ መቀመጥ አትችልም፤ ፀሐይና ነፋስ ያስለቅሷታል፤ ሌሊት እንቅልፍ ታጣለች። ፋታ የምታገኘው ጎረቤቷ በወረንጦ ፀጉሩን ስትነቅልላት ሲሆን፣ ፀጉሩ መልሶ ሲያጎጠጉጥ ሥቃዩ ይመለሳል። በሰሌዳው ፊት ስትቀመጥ ግን ብሌኗ ገና ስላልተጎዳ 6/6 ወይም 6/9 ልታይ ትችላለች። በዓይነ ስውራንም፣ የማየት ኃይላቸው በደከመውም መዝገብ ውስጥ ስሟ የለም። ይህ ሕመም ከወንዶች ይልቅ ሴቶችን እጥፍ ያህል የሚያጠቃ ስለ ሆነ በመለኪያው ምክንያት የሚሰወረው መከራ በአብዛኛው የሴቶች ነው።

ሁለተኛው ግላኮማ ያለበት ጎልማሳ ነው። ይህ ሕመም ብዙውን ጊዜ የዳር እይታን አስቀድሞ ይበላል፤ የመካከሉን እስከ መጨረሻው ሊያቆየው ይችላል። ሰውየው በሰሌዳው ላይ የመጨረሻውን መስመር አንብቦ ይወጣና የበሩን መቃን በትከሻው ይመታል። በመንገድ ዳር ያለ ቦይ አይታየውም፤ ከጎኑ የመጣን መኪና የሚያውቀው ከደረሰበት በኋላ ነው። የሕክምናውም ጠባይ ልዩ ነው፤ የምናዝለት ጠብታ የጠፋውን አይመልስም፣ የቀረውን ብቻ ይጠብቃል። ጠብታው ዓይን የሚያቃጥል፣ ገንዘብ የሚያስወጣ፣ ዕድሜ ልክ የማይቋረጥ በመሆኑ፣ ከሕመምተኛው ኑሮ ላይ የምንወስደውን ጭምር ካልመዘንን ስለምን ጠብታውን እንደ ተወ ልንረዳ አንችልም።

ሦስተኛው የዓይን ሞራ ነው። ሁለት ሰዎች እኩል 6/60 ያያሉ እንበል። አንደኛው ሸማኔ ነው፤ የተበጠሰውን ድር መቀጠል ካቃተው ቀን ጀምሮ የቤተሰቡ እንጀራ ቆሟል። ሁለተኛው በመንደሩ የተከበሩ ሽማግሌ ናቸው፤ ማሳቸውን ልጆቻቸው ያርሱላቸዋል፤ ሥራቸው በጥላ ሥር ተቀምጦ ማስታረቅ ነው። ቁጥሩ አንድ ሆኖ ሳለ የደረሰባቸው ጉዳት የተለያየ ነው። ሽማግሌውም ቢሆኑ አልተጎዱም ለማለት አይቻልም፤ አርባ ዓመት ሙሉ በየማለዳው ገልጠው የሚደግሙት ዳዊት ተዘግቶባቸው ይሆናል። ይህን ሊነግሩን የሚችሉት እርሳቸው ብቻ ናቸው።

መለኪያው ከየት መጣ?

የዓለም ጤና ድርጅት መተዳደሪያ በ1948 ሥራ ላይ ሲውል ጤና ማለት ከበሽታ ነጻ መሆን ብቻ ሳይሆን የአካል፣ የአእምሮና የማኅበራዊ ኑሮ ሙሉ ደኅንነት መሆኑን ደንግጎ ነበር። ይሁን እንጂ ይህን ሐሳብ በተግባር የሚመዝን መሣሪያ እስኪገኝ ብዙ ዓመታት አልፈዋል። በ1990ዎቹ ድርጅቱ ያቋቋመው የጥናት ቡድን የኑሮን ጥራት ሲተረጉም ሰው በሚኖርበት ባህልና በሚያምንባቸው እሴቶች ውስጥ ሆኖ፣ ከዓላማው፣ ከተስፋውና ከሚያሳስበው ነገር አንጻር ስለ ራሱ ኑሮ ያለው ግምት ነው የሚል ፍሬ ነገር አስቀመጠ። ከዚህም 100 ጥያቄዎች ያሉት፣ ቆይቶም ወደ 26 ያጠረ መጠይቅ ተዘጋጀ። በዚህ ትርጉም ውስጥ የሚፈርደው ሐኪሙ ሳይሆን ባለ ሕመሙ መሆኑን ልብ ይሏል።

በዓይን ሕክምና ረገድም በ1994 ለዓይን ሞራ ሕሙማን የተዘጋጀ 14 ጥያቄዎች ያሉት መጠይቅ ታተመ። ቀጥሎ የአሜሪካ ብሔራዊ የዓይን ኢንስቲትዩት ያስጠናው 51 ጥያቄዎች ያሉት መጠይቅ በ1998 ወጥቶ፣ በ2001 ወደ 25 አጠረ። ይህ 25 ጥያቄዎች ያሉት መጠይቅ ስለ ቅርብና ስለ ሩቅ እይታ፣ ስለ ዓይን ሕመም፣ ስለ ማኅበራዊ ግንኙነት፣ ስለ መንፈስ ሁኔታ፣ በሌላ ሰው ላይ ስለ መደገፍና ይህን ስለ መሰለው ሁሉ ስለሚጠይቅ በዓለም በስፋት ተሠርቶበታል። የዓለም ጤና ድርጅትም በበኩሉ ገቢያቸው ዝቅተኛ ለሆነ አገሮች እንዲስማማ ታስቦ የተሰናዳ 20 ጥያቄዎች ያሉት መጠይቅ አለው። በዚህ ውስጥ ከዕቃ ወደ ዕቃ ፈሳሽ ሲቀዱ ልኩን ስለ ማየት፣ ሳንቲምና ብር ስለ መለየት፣ ከፀሐይ ወደ ቤት ሲገቡ ስለ ማየት፣ እንዲሁም በዓይን ምክንያት ስለ ማፈር፣ ለሌላው ሸክም ሆኛለሁ ብሎ ስለ ማሰብና ከሰው ስለ መራቅ ይጠየቃል።

አሠራሩ አስቸጋሪ አይደለም። ለእያንዳንዱ ጥያቄ መልሱ «ምንም አያስቸግረኝም» ከሚለው «ከቶ አልችልም» እስከሚለው ድረስ በደረጃ ይከፈላል፤ ለየደረጃው ቁጥር ይሰጣል፤ ድምሩም አብዛኛውን ጊዜ ከ0 እስከ 100 ባለው መስፈሪያ ይገለጻል።

ከማንኛውም መስፈሪያ የሚጠበቀው ከዚህም መለኪያ ይጠበቃል። ቁና ያንኑ እህል ዛሬ አንድ፣ ነገ ሁለት ብሎ ከሰፈረ ቁና መባሉ ይቀራል፤ ይህ የአስተማማኝነት ጥያቄ ነው። ለእህል የተሠራው ቁና ማር አይሰፈርበትም፤ ይህ መለኪያው ሊለካ የተነሣውን ነገር በእርግጥ መለካቱን የሚመለከት የተገቢነት ጥያቄ ነው። እህሉ ሲቀንስና ሲጨምር የማያሳይ ቁናም ለገበያ አይረባም፤ ይህ ደግሞ ከሕክምና በፊትና በኋላ ያለውን ለውጥ የማሳየት ብቃት ነው። በእነዚህ በሦስቱ ያልተፈተነ መጠይቅ በቁጥር ያጌጠ ወሬ ከመሆን አያልፍም።

የቋንቋና የባህል ነገር

እንግዲህ ከላይ የጠቀስኳቸውን መጠይቆች ወደ አማርኛ መልሶ መጠቀም ብቻ ይበቃል የሚል ሐሳብ ሊነሣ ይችላል። አይበቃም የምልበትን ምክንያት እነሆ።

አንደኛ፣ የውጭዎቹ መጠይቆች ስለ ተወለዱበት አገር ኑሮ ይናገራሉ። መኪና መንዳት፣ የጋዜጣ ጽሑፍ ማንበብ፣ ቼክ መጻፍ፣ ቲያትርና ሲኒማ ማየት በጥያቄዎቹ ውስጥ አሉ። በገጠር የሚኖር ገበሬ ለእነዚህ ሁሉ «አላደርገውም» ብሎ ቢመልስ ምክንያቱ ዓይኑ ስላልሆነ መልሱ ባዶ ነው። በእነርሱ ፈንታ ከምስር ውስጥ ጠጠር መልቀም፣ ጥጥ መፍተል፣ መርፌ ላይ ክር ማስገባት፣ ቡና ከጀበና ወደ ሲኒ ሳይፈስ መቅዳት፣ በምሽት ከብት ለይቶ ማስገባት ቢጠየቅ ጥያቄው ሕይወት ያገኛል። በተለይም አንድ ጥያቄ እንዳይዘነጋ አሳስባለሁ፤ ይኸውም በመንገድ የሚያልፈውን ሰው ለይቶ ቀድሞ ሰላም ማለት ነው። በእኛ ዘንድ ዘመድና ጎረቤት አይቶ ዝም ማለት ኩራት ተብሎ ይተረጎማል። ዓይኑ የደከመ ሰው ሳያይ ባለፈ ቁጥር ወዳጅ ይቀየመዋል፤ እርሱም ይህን ሲረዳ ከገበያና ከማኅበር መቅረት ይጀምራል። በሰሌዳ የማይታየው ጉዳት በዚህ መንገድ ይደርሳል።

ሁለተኛ፣ ሰላምታችን ራሱ ለለኪው ፈተና ነው። «ኑሮ እንዴት ነው?» የተባለ ሰው «ደኅና፣ እግዚአብሔር ይመስገን» ወይም «አልሐምዱሊላህ» ሳይል ወደ ሌላ ነገር አይሄድም። ሰውየው ይህን ሲል መዋሸቱ አይደለም፤ እምነቱና ጨዋነቱ ያስተማሩትን መፈጸሙ ነው። ነገር ግን መዝጋቢው ይህን መልስ እንደ ውጤት ከወሰደው ትልቁ መከራ በትልቅ ነጥብ ተመዝግቦ ይገኛል። ስለዚህ ጥያቄው ከአጠቃላይ ኑሮ ወደ ተወሰነ ሥራና ወደ ተወሰነ ጊዜ መውረድ አለበት። «ባለፈው ሳምንት ስንት ሌሊት ዓይንሽ ከእንቅልፍ ቀሰቀሰሽ?» ለሚል ጥያቄ ምስጋና ብቻውን መልስ ሊሆን አይችልም።

ሦስተኛ፣ የቃላት ምርጫ አለ። «የሕይወት ጥራት» የሚለው አነጋገር በጽሑፍ ቢለመድም ለብዙ ሕሙማን እንግዳ ነው። በሕዝብ አነጋገር ጥራት የቅቤ፣ የእህል፣ የሸማ ነው። «ኑሮ» ሲባል ግን ሁሉም ያውቀዋል። በደረጃ አከፋፈልም ረገድ «በጣም» እና «እጅግ» በወረቀት ላይ ሁለት ደረጃዎች ቢሆኑ በሰሚው ጆሮ አንድ ናቸው። አምስት ደረጃዎችን በቃል ከማነብነብ ይልቅ ከባዶ እስከ ሙሉ በአምስት ልክ የተቀዱ ሲኒዎችን ሥዕል አሳይቶ «ችግርሽ የቱን ያህላል?» ብሎ መጠየቅ ሊሞከር የሚገባው ዘዴ ነው።

አራተኛ፣ የአስተሳሰብ ልዩነት አለ። የምዕራቡ መጠይቅ ሰው በሌላ ሰው መረዳቱን እንደ ጉድለት ቆጥሮ ነጥብ ይቀንስበታል። በእኛ አገር ግን አባት እጁን ሲያስታጥቡት፣ እናት ሲታዘዙላት ክብር እንጂ ውርደት አይደለም። እንግዲያውስ መጠየቅ ያለበት «ሰው ይረዳዎታል ወይ?» ተብሎ ሳይሆን «ራስዎ ሊያደርጉት እየፈለጉ ዓይንዎ የከለከለዎ ነገር አለ ወይ?» ተብሎ ነው።

የተለመደው የትርጉም ሥርዓት መጠይቁን ወደ አማርኛ መልሶ፣ አማርኛውን ደግሞ ሌላ ሰው ወደ መጀመሪያው ቋንቋ እንዲመልሰው አድርጎ ማስተያየት ነው። ይህ ጠቃሚ ሆኖ ሳለ የሚያረጋግጠው የሁለት የተማሩ ሰዎችን መግባባት ነው። ስለዚህ ለጥቂት ሕሙማን ጥያቄው ተነብቦላቸው «ይህ ለእርስዎ ምን ማለት ነው?» ተብለው በራሳቸው አነጋገር እንዲያስረዱ ማድረግ የማይታለፍ እርምጃ መሆን ይገባዋል።

በመጨረሻም የሚጠይቀው ማን እንደ ሆነ ይታሰብበት። ቀዶ ሕክምናውን ያደረገው ሐኪም ራሱ «ተሻለሽ ወይ?» ቢል መልሱ ምርቃት ነው። ሚስት በባሏ ፊት፣ አማት በምራቷ ፊት ስለ ሸክምነት ብትጠየቅ እውነቱን አታወጣም። ጠያቂው በሕክምናው ያልተካፈለ፣ የአካባቢውን አነጋገር የሚያውቅና ለብቻ የሚያነጋግር መሆን አለበት።

እስካሁን ምን ታወቀ?

ይህ ሁሉ ድካም ምን አስገኘ ለሚለው ጥያቄ ከእኛው አካባቢ በቂ ማስረጃ አለ። በታንዛኒያ ተካሂዶ በ2001 የታተመ ጥናት ትሪኪያሲስ ያለባቸው ሴቶች የማየት ኃይላቸው ሳይደክምም በዕለት ተግባራቸው የሚደርስባቸው እክል የማየት ኃይላቸው ከደከመ ሰዎች ጋር የሚወዳደር መሆኑን ገልጿል።

ከዚያም የበለጠ የሚመለከተን በአማራ ክልል የተካሄደው ጥናት ነው። በዚህ ጥናት 1,000 ትሪኪያሲስ ያለባቸውና 200 የሌለባቸው ሰዎች ከላይ በጠቀስኩት የዓለም ጤና ድርጅት ባለ 20 ጥያቄ መጠይቅና በባለ 26 ጥያቄው ተመዝነዋል። በ2015 የወጣው ውጤት ሕሙማኑ ከጤነኞቹ ያነሰ ነጥብ እንዳላቸው፣ ሕመሙ በበረታ መጠንም ኑሯቸው ይበልጥ እንደሚጎዳ አሳየ። የማየት ኃይላቸው ያልተጓደለው ሕሙማን እንኳ ከጤነኞቹ በታች ነበሩ። በ2016 የታተመው ተከታይ ደግሞ ቀዶ ሕክምና ከተደረገ ከአንድ ዓመት በኋላ የሕሙማኑ ኑሮ በግልጽ መሻሻሉን፣ መሻሻሉም በሰሌዳው ላይ ምንም ለውጥ ባላሳዩት ዘንድ ጭምር መገኘቱን አረጋገጠ።

ይህ ግኝት ለእኛ ምን ያስተምራል? የትሪኪያሲስ ቀዶ ሕክምና እስካሁን የተሟገትንለት ዓይነ ስውርነትን ይከላከላል በሚል ምክንያት ነው። ያ ምክንያት ትክክል ነው። ነገር ግን ጥቅሙ የሚታየው ከብዙ ዓመታት በኋላ ስለ ሆነ፣ አጠገቧ ለተቀመጠችው ሕመምተኛ የሚታይ ነገር አይደለም። አሁን ግን ሥቃይ እንደሚቀንስ፣ እንቅልፍ እንደሚመለስ፣ ከምድጃው አጠገብ መቀመጥ እንደሚቻል በማስረጃ ልንነግራት እንችላለን። ቀዶ ሕክምናውን የምትፈራ እናት ይህን ስትሰማ ልቧ ሊቀርብ ይችላል።

ስለ ዓይን ሞራም በኬንያ፣ በባንግላዴሽና በፊሊፒንስ የተደረገው ጥናት ሕሙማኑ ከቀዶ ሕክምና ከአንድ ዓመት በኋላ የኑሮ ነጥባቸው ከፍ ማለቱን፣ ለሥራ የሚያውሉት ጊዜ መጨመሩን፣ የቤተሰባቸውም የወጪ አቅም መሻሻሉን መዝግቧል። የዓይን ብርሃን ወደ ቤት ሲመለስ እህልም አብሮ እንደሚገባ ይህ ያስረዳል።

ስለ ሸክም ቁጥሮች

እዚህ ላይ ከኑሮ መለኪያ ጋር ብዙ ጊዜ ስለሚምታታ ሌላ ቁጥር ልናገር። በዓለም አቀፍ የበሽታዎች ሸክም ጥናት ለየበሽታው ከ0 እስከ 1 የሚደርስ የጉዳት ክብደት ይሰጠዋል፤ 0 ሙሉ ጤና፣ 1 ደግሞ ከሞት ጋር እኩል ማለት ነው። በመጀመሪያው ጥናት፣ ማለትም በ1990ው ግምት፣ ለዓይነ ስውርነት የተሰጠው ክብደት 0.6 ገደማ ነበር። በ2010ሩ ጥናት 0.195፣ በ2013ቱ ደግሞ 0.187 ሆነ።

ዓይነ ስውርነት ከዚያ ወዲህ ቀላል ሆኖ አይደለም፤ የተለወጠው የአጠያየቁ ዘዴ ነው። አስቀድሞ የሚመዝኑት የጤና ባለሙያዎች ነበሩ። በኋላ ግን በባንግላዴሽ፣ በኢንዶኔዥያ፣ በፔሩ፣ በታንዛኒያና በአሜሪካ ለሚኖሩ ተራ ሰዎች፣ እንዲሁም በኢንተርኔት ለተገኙ፣ የሁለት ሰዎች ሁኔታ በአጭር መግለጫ ተነግሮ «ከሁለቱ የበለጠ ጤነኛው ማን ነው?» ተባለ። ዓይኑ ከማየቱ በቀር ሌላው አካሉ ደኅና የሆነን ሰው ብዙው ሕዝብ ጤነኛ ነው ማለቱ አያስደንቅም። ጥያቄው ስለ ጤና እንጂ ስለ ኑሮ አልነበረምና።

ልዩነቱ በተግባር ምን ያህል እንደ ሆነ ለማየት ቀላል ስሌት እንሥራ። የ2006ቱ ግምት በአገራችን 1.2 ሚሊዮን ያህል ዓይነ ስውራን እንዳሉ ነበር። ይህ በ0.6 ሲባዛ በዓመት 720,000 በጉዳት ያለፉ ዓመታት ይሆናል፤ በ0.187 ሲባዛ ግን 224,400 ብቻ ነው። ሰዎቹ እነዚያው ናቸው፤ ጨለማውም ያው ነው፤ በገንዘብ መዳቢው ጠረጴዛ ላይ ያለው ሸክም ግን ከሦስት እጅ ወደ አንድ እጅ ገደማ ወርዷል። ስለሆነም ይህ ቁጥር የጤናን መጓደል ብቻ እንደሚያሳይ፣ የኑሮን መጓደል ግን ለብቻው መለካት እንደሚያስፈልግ በየስብሰባው ማስረዳት የእኛ ፈንታ ነው። ይህን ለማድረግ ደግሞ የራሳችን ማስረጃ ሊኖረን ይገባል።

ሊደረግ ስለሚገባው ጥንቃቄ

የኑሮ መለኪያን ሳወድስ ድክመቱን እንዳልሰወር ሦስት ነገሮችን ላክል።

ሰው ለደረሰበት ነገር ይለምዳል። ለሃያ ዓመት ዓይነ ስውር ሆኖ የኖረ ሰው ቤቱን በመዳሰስ፣ ሰውን በድምፅ፣ መንገዱን በበትር አውቆት ሊሆን ስለሚችል ነጥቡ ትናንት ዓይኑ ከጠፋው ሰው የተሻለ ሊሆን ይችላል። ይህን ተመርኩዞ «ለምዶታልና ይቆይ» የሚል ፍርድ እንዳይሰጥ መጠንቀቅ ያስፈልጋል። መልመድ የሰውየው ብርታት ነው፤ ለእኛ ቸልተኝነት ምክንያት ሊሆን አይገባም። በአንጻሩም ዝቅተኛ ነጥብ ሁሉ ከዓይን የመጣ አይደለም። ክዳን የሌለው ጉድጓድ፣ ዓይነ ስውራንን የማይቀበል ትምህርት ቤት፣ ንቀት ያለበት አነጋገር የራሳቸው ድርሻ አላቸው። እነዚህን ብሬል፣ ነጭ በትርና ሕግ እንጂ ቢላችን አያድናቸውም።

ሁለተኛው የስሌቱ ነገር ነው። ከ«ጥቂት» ወደ «መጠነኛ» ያለው እርምጃ ከ«ብዙ» ወደ «ከቶ አልችልም» ካለው ጋር እኩል መሆኑን ማንም አላረጋገጠም፤ ቁጥሮቹን ዝም ብሎ መደመር ግን እኩል እንደ ሆኑ መቁጠር ነው። ጆርጅ ራሽ የተባለው የዴንማርክ የሒሳብ ሊቅ በ1960 ያሳተመው ዘዴ ይህን ለማረም ያገለግላል። ታዋቂው ባለ 25 ጥያቄ መጠይቅ በዚሁ ዘዴ ሲፈተሽ ከክፍሎቹ ብዙዎቹ ለብቻቸው መለኪያ ሆነው መቆም እንደማይችሉ በ2010 ታትሟል። ስለዚህ በውጭ አገር ስሙ የገነነ መሆኑ ብቻውን ለመጠይቁ ዋስትና አይሆንም።

ሦስተኛውና በጣም የሚያሳስበኝ፣ መጠይቁ ሕመምተኛውን ብቻ መጠየቁ ነው። አባቱን በበትር ጫፍ ይዞ የሚመራ ልጅ አለ። አያቷን ትታ ወደ ትምህርት ቤት መሄድ ያልቻለች ልጃገረድ አለች። የዓይኑ ሕመም የአንድ ሰው ቢሆንም የባከነው ዕድል የሁለት ነው። አባትየው «ልጄ ይመራኛል፣ ተመስገን» ብሎ መልካም ነጥብ ሲሰጥ፣ የልጁ የጠፋ ትምህርት በየትኛውም ዓምድ አልተጻፈም። ወደፊት በአገራችን የሚዘጋጅ መጠይቅ «በእርስዎ ዓይን ምክንያት ከሥራው ወይም ከትምህርቱ የቀረ ሰው በቤት አለ ወይ?» የሚል አንድ ጥያቄ ቢጨምር ከውጭው የሚሻል እንጂ የሚያንስ አይሆንም።

የማቀርባቸው ሐሳቦች

በዚህ መሠረት ለማኅበራችን አራት ሐሳቦችን አቀርባለሁ።

1. ማኅበሩ ከቋንቋ፣ ከሥነ ልቡናና ከስታቲስቲክስ ባለሙያዎች ጋር ሆኖ በአማርኛ፣ በአፋን ኦሮሞ፣ በትግርኛና በሌሎችም ቋንቋዎች የተፈተነ፣ ከ20 ጥያቄ ያልበለጠ መጠይቅ እንዲያዘጋጅ።

2. በቀዶ ሕክምና ዘመቻዎች ላይ ሁሉም ሳይሆን በዕጣ የተመረጡ ጥቂት ሕሙማን ከሕክምናው በፊትና ከአንድ ዓመት በኋላ እንዲጠየቁ። ሕመምተኛ የሚበዛበት ክሊኒክ ለያንዳንዱ ሰው ይህን ያህል ጊዜ ሊሰጥ እንደማይችል ስለማውቅ ነው በዕጣ ማለቴ።

3. በዕለት ካርዳችን ላይ ከማየት ኃይል ቁጥሩ አጠገብ አንድ መስመር ተጨምሮ «ዓይንዎ የከለከለዎ ዋና ሥራ ምንድን ነው?» ተብሎ እንዲጻፍ። ይህ ወጪ አይጠይቅም። ሸማኔውን «ድር መቀጠል»፣ ሽማግሌውን «ዳዊት መድገም» ብሎ የሚመዘግብ ካርድ ከሕክምና በኋላ ምን መጠየቅ እንዳለብን ያስታውሰናል።

4. የዓይን ሕክምና ተማሪዎችና ትሪኪያሲስ የሚሠሩ የጤና ባለሙያዎች ከቀዶ ሕክምናው ጥበብ ጋር የአጠያየቅ ጥበብም እንዲማሩ።

የተከበራችሁ ባልደረቦቼ፤

የስኔለን ሰሌዳ ከግድግዳችን ይውረድ አላልኩም፤ ብዙ ዘመን ያገለግለናል። የምለው አጠገቡ ሁለተኛ መስፈሪያ ይቁም ነው። የመጀመሪያው ዓይን ምን ያህል እንደሚያይ ይነግረናል፤ ሁለተኛው ሰውየው በሚያየው ልክ ምን ሠርቶ፣ ከማን ጋር ተቀምጦ፣ እንዴት አድሮ እንደ ነቃ ይነግረናል። 6/6 ተብላ ወደ ቤቷ የተሸኘችው፣ ሌሊቱን ግን ወረንጦ ይዛ የምታነጋው ሴት ከመዝገባችን ውጭ መቅረት የለባትም። ጉባኤው ካቀረብኳቸው ሐሳቦች ቢያንስ ሦስተኛውን፣ ማለትም የካርዱን አንድ መስመር፣ በዚህ ዓመት በየክሊኒኩ እንዲጀምር በትሕትና እጠይቃለሁ።